ሽምግልና በአምስተኛ ማርሽ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጋቢዬን ጫፍ በመኪናዬ በር ዘግቼበት፣ ምንም ሳላውቅ ከአዘዞ ተነሣሁ። ግማሹ ጋቢ እኔ ላይ ነው፤ ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ አስፋልት ይጠርጋል። ሰባ ሦስት ዓመት የኖርኩ፣ ሠላሳ አራቱን ዓመት የቴክኒክ ንድፍ እያስተማርኩ ልጆችን «መጀመሪያ ዙሪያውን እዩ፣ ከዚያ እርሳስ አንሡ» በማለት ያሰለቸሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዙሪያዬን ሳላይ ነዳሁ።

ይህን የማወራው ጋቢው አሳዝኖኝ አይደለም። ባለቤቴ አጥባዋለች፤ የለቀቀውም ለቋል። በዚያ ጋቢ ጫፍ ላይ የሁለት ሰዎች ትዳር ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው።

ከመኪናዋ ልጀምር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለች የስፖርት መኪና ናት፤ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ አምስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ጡረታ ስወጣ ከእኩዮቼ አንዱ ላም ገዛ፣ አንዱ የንብ ቀፎ ሰቀለ፣ አንዱ ዳዊት መድገም ጀመረ። እኔ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች የመኪና ሬሳ ገዝቼ አራት ዓመት ሙሉ አስጠገንኳት። ሞተሯ የሠራ ዕለት ባለቤቴ ወጥታ አየቻት፤ ዞራ ደግሞ እኔን አየችኝ። ጣውንት ማምጣትህ ካልቀረ ልጆቻችንን የምትችል ብታመጣ ምን ነበረበት ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ጣውንቴ እንጂ መኪናው ብላ አታውቅም።

በየቀኑ እነዳታለሁ። ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ። ምክንያቴ ዳቦ መግዛት ነው። ዳቦ ቤት ከአጥራችን ማዶ አለ። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ዳቦ ፒያሳ ደርሶ ሲመለስ የተሻለ ይጣፍጣል በሚል ተስማምተን እንኖራለን።

በከተማችን መንገድ እንዲህ ያለ መኪና መንዳት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው። ለመሮጥ የተሠራች ነገር ይዘህ ከአህያ ኋላ ትቆማለህ። በግራ ባጃጅ፣ በቀኝ ባጃጅ፣ ከፊት ሚኒባስ፣ ከኋላ ደግሞ ግንባሩ ብቻ ከመኪናዬ የሚበልጥ ሲኖ። የሚኒባሱ ጎማ የሚዞረው ከጆሮዬ እኩል ነው፤ ጭሱ የሚወጣው ከአፍንጫዬ እኩል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ቁም። ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ልቀቅ፣ ርገጥ። ከዚህ የተነሣ ግራ ባቴ ከቀኙ ወፍሯል፤ ሱሪ የሚሰፋልኝ ሰው ምስክሬ ነው። ሰው ይህን እያየ ያዝንልኛል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ስለቅ፣ ሞተሩ የሚይዝባትን ያችን የፀጉር ታህል ነጥብ በእግሬ ጣት ሳገኛት፣ መኪናዋም ሳትንገጫገጭ እንደ ድመት ሸርተት ስትል ልቤ ይዘላል። ይህን ደግሞ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ አገኘዋለሁ። በሰባ ሦስት ዓመቱ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ልቡ የሚዘል ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነርስ አለ፤ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። እናት አባቱ አርፈዋል። አብራው የምትሠራ አዋላጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነው። አባትየው የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። እርሻቸው ሳንጃ ነው፤ ቤታቸው ደግሞ እዚሁ ጎንደር፣ ወደ ወለቃ መውጫ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ ሁለቱንም ጊዜ እንምከርበት ብለው መለሱን። ይህ ወግ ነው፤ አንድ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ ልጁን የጠላት ይመስላል። የሦስተኛውን ቀጠሮ ሲሰጡን ግን ድምፃቸው ሌላ ሆነ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኑ፤ ሰሊጡ ስለደረሰ ሦስት ተኩል ላይ ወደ ሳንጃ እወርዳለሁ አሉ። በሦስተኛው ቀጠሮ ያልተገኘ ሽማግሌ ልጄን አልፈለጋትም ብዬ እይዘዋለሁ፤ አራተኛ የለም አሉ። ነርሱ ይህን ሲሰማ ያችን ሳምንት እህል አልበላ ብሎት ከረመ። ባለቤቴ ወጥ ይዛ ስትሄድ ባዶውን ሳህን ሳይሆን ሙሉውን ይዛ ትመለስ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንጋፋው፣ መቼም በዕድሜ ብቻ፣ እኔ ነኝ። ሁለተኛው የንስሐ አባቴ፣ ሦስተኛው የዕድራችን ሊቀ መንበር ነው። አንጋፋው ካልደረሰ ነገር አይከፈትም፤ ስለዚህ በጊዜ መድረስ ያለብኝ በተለይ እኔ ነበርኩ። አስተዋይ ሰው ብሆን ኖሮ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ እንሄድ ነበር። እኔ ግን ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢው ባጃጅ ውስጥ ይጨናነቃል ብዬ ተከራከርኩ። ሊቀ መንበሩ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ሽምግልና የሚሄድ ሰው እንዲህ ባለ ቀይ ነገር ውስጥ አይታይም አለ፤ ባጃጅ ጠርቶ ለብቻው ሄደ። አባ ግን ቀድሞውንም ዓይናቸው መኪናዋ ላይ ነበር።

አባ ከእኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ያንሳሉ። ቢሆንም ልጄ ይሉኛል፤ ልጄ ካሉኝ በኋላ ደግሞ አንቱ ብለው ያከብሩኛል። አንቱ የሚባል ልጅ በጎንደር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሲገቡ ጥምጥማቸው ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘንብለው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ጋደም አሉ።

«ልጄ፣ ይህ ወንበር ነው ወይስ መቃብር?»

«ሲንቀሳቀስ ይለያል አባ» አልኳቸው። በሬን በኩራት ዘጋሁት። ጋቢውን የዘጋሁበት ያኔ ነው።

አዘዞን ሳንወጣ ሰልፉ ያዘን። መንገዱ እየተሠራ ስለሆነ ግማሹ ተቆፍሯል፤ ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ በቀረው ግማሽ ላይ የገጠሩ ሰው ከነአህያው፣ የከተማው ሰው ከነባጃጁ ይጋፋል። ይህን አስቤ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነበር የወጣሁት። ያላሰብኩት የአባን መስቀል ነው።

የመኪናዬ መስኮት ከሰው ጉልበት ብዙም ከፍ አይልም። ቄስ እንዲያ ዝቅ ብሎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ መስቀል ይዞ በቆመ ሰልፍ መሐል ሲገኝ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? መጀመሪያ አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ። ቀጥሎ አህያ የሚነዳ ገበሬ። ቀጥሎ ባለባጃጅ ከነተሳፋሪዎቹ። ሰልፉ አምስት ሜትር ሲንቀሳቀስ እኛ መስኮት ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሏል፤ ጎንበስ ያለን ሰው ጥሎ መሄድ ደግሞ አይቻልም። ሰውየው ቀና እስኪል ከፊታችን የተከፈተውን ቦታ ሦስት ባጃጅ ሞልቶታል። መስኮቱን ይዝጉት አባ ብዬ ለመንኳቸው። በተሳላሚ ፊት መስኮት የሚዘጋ ካህን ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ደስም ብሏቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲያሳልሙ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል፤ እዚህ ግን ከመኪናዋ ማጠር የተነሣ ሁሉም ይንበረከካል።

ማራኪ አጠገብ አንድ የባጃጅ ሾፌር ወርዶ በእኔ በኩል መጣ። ሊሳለም መስሎኝ በዚያ በኩል ዙር አልኩት።

«ለመሳለም አይደለም አያ» አለ። «ጋቢዎን ያስገቡት ልልዎት ነው። መንገዱ ሳያልቅ ጠርገው ጨረሱት።»

ወደ ታች አየሁ። ከአዘዞ ጀምሮ ግራ ትከሻዬን ይዞ የሚጎትተኝን ነገር እርጅና ብዬው ነበር። በሩን ለመክፈት እጀታውን ሳብኩ፤ እምቢ አለ። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ ጠርዙ መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ ተነክሷል። ባለባጃጁ ከውጭ ሳበ፣ እኔ ከውስጥ ገፋሁ፣ ከኋላ የቆመ ሲኖ ክላክሱን ነፋ። በሩ እንደ ተዘጋ ቀረ፤ እጀታው ግን ተከፈተ፤ ማለትም እጄ ላይ መጣ። ባለባጃጁ እጀታውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዞሮ አባን ተሳለመና ሄደ።

ከዚህ በኋላ የነዳሁት በሩ ላይ ተሰፍቼ ነው። ግራ ክንዴ እስከ ክርኔ ታስሯል፤ ቀኜ ግን ነፃ ነው፤ ማርሽ ደግሞ የሚቀየረው በቀኝ ነው። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። እንዳልዘገይ ብፈራም፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሰው በእኔ ዕድሜ ቸኩሎ የሚሄድበት ቦታ ስንት ጊዜ ያገኛል?

አራዳ መታጠፊያው ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። የሚጎተተውን ጋቢ ከሩቅ አይቶታል። የቅጣት ደረሰኙን እየገለጠ መጣና መንጃ ፈቃድ አለኝ። ስሰጠው ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ሲል አባን አየ። ደረሰኙን ኪሱ ከቶ፣ በፊት በኩል ዞሮ፣ ኮፍያውን አውልቆ ተሳለመ። ከዚያ አባን ይዤ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ሽምግልና አልኩት። በስንት ሰዓት አለኝ። በሦስት አልኩት። ሰዓቱን አየና መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ፊሽካውን ነፋ። የአራዳ ሚኒባስ፣ የአራዳ ባጃጅ፣ በርበሬ የጫነ አህያ ሳይቀር ቆመ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በመሐላቸው ሰንጥቄ ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ሰው ሲቆምልኝ የመጀመሪያዬ ነው። የቆሙት ለመስቀሉ መሆኑን አባ አስታወሱኝ።

ወደ ፒያሳ የሚያወጣው አቀበት ላይ ሰልፉ እንደገና ቀጥ አለ። ከኋላ ሲኖው ደርሶብኛል፤ በመስታወቱ የማየው ከፊቱ ብረት ሌላ የለም። የእጅ ፍሬኔ የሚሠራው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። አባ እግሬን ሲመለከቱ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሦስት መርገጫ አያለሁ። እግርዎ ሁለት ነው።»

«ሁለት ነው አባ።»

«ሦስተኛውን ማን ነው የሚረግጠው?»

የእኔም ጥያቄ እሱ ነበር። ከፊት ያለው ሚኒባስ ተንቀሳቀሰ። የቀኝ ተረከዜን ፍሬኑ ላይ ተውኩት፣ ጣቶቼን ወደ ነዳጁ አዘነበልኩ፣ ግራ እግሬን ከፍሪሲዮኑ ላይ ዳቦ ሊጥ እንደሚለቅ ጣት ቀስ ብዬ አነሣሁ። መኪናዋ ወደ ኋላ አንድ ጣት ሸሸች። አባ እግዚኦ ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ ያች ነጥብ መጣች፤ ሞተሩ ያዘ፣ ኮፈኗ ቀና አለ፣ የባለቤቴ ጣውንት አቀበቱን ተያያዘችው። አባ እግዚኦታውን መሐል ላይ ትተው ሳቁ።

ፒያሳ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሞላ። አደባባዩን ለመዞር ብቻ አሥር ደቂቃ ፈጀን። ከዚያ ወደ ወለቃ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ፤ እውነት ተከፈተ፤ ከፊቴ ማንም የለም። ሦስተኛ አስገባሁ፤ ከገበያው መዓት የተነሣ ሦስተኛን ካየሁ ሳምንት ሆኖኛል። አራተኛ አስገባሁ። ጋቢዬ ከውጭ እንደ ሰንደቅ ተርገበገበ። አባ ጥምጥማቸውን በአንድ እጅ፣ መስቀላቸውን በሌላው ይዘው ማርሹን ያያሉ።

«ሌላ አለ?» አሉ።

«አንድ ቀርቷል አባ።»

«ለማን ነው የሚያስቀምጡት?»

አምስተኛን አስገባሁት። በጎንደር ከተማ ውስጥ አምስተኛ ያስገባሁት በዘጠኝ ዓመት ያን ቀን ብቻ ነው። የቆየው ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው። የዚያች ደቂቃ ነገር እስከ ዛሬ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት ድንገት ይመጣብኝና ግራ እግሬ ብቻውን ምንጣፍ ይረግጣል።

የሙሽሪት አባት ቤት ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በኮብልስቶን ዳገት ላይ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ትልቁ ፒካፕ ተጭኖ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆሟል። ሊቀ መንበሩ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ቆሟል። ወንበር ቀርቦለታል፤ አልተቀመጠም። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ሲመለስም ቆሞ እንደመጣ ቆሞ ነው የሚመለሰው። ተቀመጡ የተባለ ዕለት ልጅቷ ተሰጥታለች ማለት ነው። እኔ ስላልደረስኩ ደግሞ ነገሩን መክፈት አልቻለም፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ዝናቡ ሲያወራ ነበር።

አባ ወረዱ። እኔ በእሳቸው በር ለመውጣት ሞከርኩ። ጋቢውን ከትከሻዬ ጥዬ፣ አንድ እግሬን ከማርሹ ወዲያ አሻገርኩ። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ሆኖ፣ ግንባሬ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ፣ ጉልበቴ ከዚህ በኋላ አላውቅልህም አለ። እንደምንም ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ጋቢውንም መልሼ ለበስኩት። በዚህ መሐል አባትየው ወጥተው መስኮቴ አጠገብ ቆመዋል። ከተቀመጥኩበት ከእሳቸው የሚታየኝ ቀበቷቸውና የመኪና ቁልፍ የያዘው እጃቸው ብቻ ነው።

«ልጅ የሚጠየቀው ቆሞ ነበር» አሉ ከላይ። «ምነው አያ፣ ወጉ ተለወጠ?»

ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ጨፈነ። ነርሱ ያልበላው የሳምንት ወጥ ብቻ ታየኝ።

«ወጉ አልተለወጠም» አልኳቸው፤ የማናግረው ቀበቷቸውን ነው። «ጋቢዬ በር ላይ ተነክሶ ነው። ቆሜ ልለምንዎት ነበር ከቤቴ የወጣሁት። ሞኝነቱ የእኔ ነው፤ በልጁ ላይ አይያዙበት።»

ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ መስኮቱ ላይ ወረደ። ጋቢውን አዩ። የተነቀለውን እጀታ ጭኔ ላይ አዩ። ዓይናቸው ማርሹ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቆይቶም አልተነሣም። ቀና አሉና ኮፈኗን በእጃቸው እየዳሰሱ በፊት በኩል ዞሩ። አባ የወረዱበትን በር ከፍተው፣ ያን ሁሉ ቁመታቸውን አጣጥፈው ከጎኔ ገቡ። ወጣት ሳሉ የሳንጃን ቁልቁለት በጭነት መኪና ሲወርዱ እንደኖሩ ነገሩኝ። ፒካፑ ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ ማርሽ በእጃቸው ከነኩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ይህን ሲሉ እጃቸው ማርሹ ላይ አርፏል።

«እስቲ ይንዷት» አሉ።

አባንና ሊቀ መንበሩን በር ላይ ትተን ዳገቱን ወረድን። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከወለቃ የሚመጡ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ድስት በሣር አሽገው በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ማንም ሾፌር በሸክላ መሐል አይቸኩልም። እኔ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ እሳቸው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ማርሹን አስገቡ። የመጀመሪያው ጊዜ ካምቢዮው አጉረመረመ። ሁለተኛው ጊዜ ለስላሳ ገባ። ከሦስተኛው በኋላ እግሬን ማየት ተዉ፤ በድምፁ ያውቁታል። ሁለት ሽበታም ሰዎች ምንም ሳንነጋገር፣ አንዳችን በእግር አንዳችን በእጅ፣ አንዲት መኪና ከአህያ ኋላ ኋላ እየነዳን ሄድን። እንዲህ ያለ ነገር ደስታዬ ነው ብዬ ለሰው ባወራ ማን ያምነኛል?

«አያ» አሉ ፊት ለፊት እያዩ። «ሁለት ጊዜ መጥታችሁ ልጁ ሸጋ ነው፣ ጨዋ ነው ብላችሁኛል። ሽማግሌ የሚለው ይህንኑ ነው። አሁን ሰሚ የለም። ስድስት ዓመት ጓሮዎ ኖሯል፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። አባም በር ላይ ቀርተዋል። ግን ሰው ማርሽ ሲያስገባልህ ፍሪሲዮን አትለቅበትም። ሽሮ እንደሚያሳርር ነገርኳቸው። መብራት ሳያጠፋ እንደሚተኛ፣ ሲታጠብ እንደሚዘፍን፣ ሲዘፍን ደግሞ የጎረቤት ውሻ እንደሚያለቅስ ነገርኳቸው። ከዚያ ለማንም የማልናገረውን የመኪናዬን ነውር አወጣሁት፤ ጠዋት ጠዋት ያለ ግፊ አትነሣም። በየጠዋቱ የሚገፋት እሱ ነው። ሥራ ሲሄድ ነጭ ጋዋኑን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይዞ ይገፋል፤ አዳር ሠርቶ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ይገፋል፣ ከዚያ ይተኛል። ስድስት ዓመት። ያን ቀን ጠዋትም፣ እኔን ከነአባ፣ እሳቸው ዘንድ ገፍቶ የላከን እሱ ነበር።

«አማርሮ ያውቃል?» አሉ።

«አንድ ቀን» አልኳቸው። «ዶፍ ዝናብ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ጋሼ፣ ዛሬስ ዳቦውን እዚሁ ብንገዛ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገፋ።»

የአባትየው ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሳል መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ጀበና የጫነ አህያ እስኪያልፍ ሳቁና መዳፋቸውን ማርሹ ላይ መታ መታ አድርገው ያዙሯት አሉኝ። አንደኛውን እሳቸው አስገቡ። ሁለተኛውንም።

በሩ ላይ ስንደርስ አባና ሊቀ መንበሩ እንደ ቆሙ ናቸው። አባትየው በብዙ ትግል ወጡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ሁለቱ ፊት ቆሙ።

«ግቡ» አሉ። «ተቀመጡ።»

ሊቀ መንበሩ ወዲያው አልገባውም። አባ ግን መስቀላቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አደረጉ። አባትየው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «አንቱስ ቀድመው ተቀምጠዋል» አሉኝ።

ከውስጥ እልልታ ተሰማ። የነርሱን ቁጥር ደውዬ ሳልጨርስ አነሣው፤ በል ብላ አልኩት፣ ዘጋሁት። ሌሎቹ ገብተው ሲበሉ እኔ መስኮቱ ላይ ጉርሻ እየመጣልኝ በላሁ። በመጨረሻ ያስወጣችኝ ራሷ ሙሽሪት ናት። ወጉ ሽማግሌ ፊት አትታይም ይላል፤ እሷ ግን አዋላጅ ናት፣ የተጣበቀ ሰው ማየት አልቻለችም። ጋቢውን ከላዬ ገፈፈችው። መጀመሪያ ጭንቅላትዎ፣ አሁን ይተንፍሱ፣ አሁን ቀኝ ትከሻዎን ወደ ታች፣ አይቸኩሉ እያለች በአባ በር በኩል ጎተተችኝ። ስወጣ ያለቀስኩ የሚሉ አሉ። የሳቅ እንባ ነው። አባትየው ያን ቀን ሳንጃ የወረዱት አንድ ሰዓት ዘግይተው ነው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ነርሱ አሁን የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚገፋኝ ያገኘሁት አላፊ አግዳሚ ነው፤ እሱም ቢሆን ደስታ አለው። ሁሉም ነገር ሸጋ ሆኖ አለቀ ማለት እችል ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ባይኖር።

በሽምግልናው ማግስት፣ እሑድ፣ ቤቴ መጣ። ለሽምግልናው ሦስት ሳምንት ሙሉ ንግግር ሲያጠና ከርሟል። ከአዳምና ከሔዋን ተነሥቶ፣ በኖኅ አልፎ፣ በይስሐቅና በርብቃ በኩል እስከ ነርሱ ድረስ የሚወርድ ንግግር ነው። ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሞ አፉ ውስጥ ይዞት ነበር፤ ተቀመጡ ሲባል ከነንግግሩ ተቀመጠ።

«መልሱ መጥቷል» አለኝ። «ጥያቄው ግን አልተጠየቀም። ያስቀረህብኝ አንተ ነህ፤ የምትሰማኝም አንተ ነህ። ቆመህ።»

እሺ አልኩት። ከጥቅምት ወዲህ እሺ እንዳልኩት ነው። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፣ ዳቦ ልገዛ ነው አልኩ፤ የዕድር ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ቀድሜ ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ማራኪ አጠገብ ሰልፍ ይዞኝ ቆሜ ሳለ በእግሩ ሲሄድ ደረሰብኝ፤ በዚያ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሁሉ ይደርስብኛል። መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። የምሸሽበት የለኝም፤ ከፊት ሚኒባስ፣ ከኋላ ሲኖ። ከገነት ወጥተን፣ ቃየልን አልፈን፣ የኖኅ መርከብ በር ልትዘጋ ስትል መንገዱ ተከፈተ። አንደኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ አስገባሁ።

ማታ ስልክ ደወልኩና ኖኅ ድረስ ሰምቼሃለሁ፤ የቀረኝ ግማሽ ነው አልኩት። ተቀምጬ የሰማሁት አይቆጠርም አለኝ። ስለዚህ ያለብኝ ከአዳም ጀምሮ ሙሉው ነው።